የእትዬ እቴናት አውራ ጣት

ሮም፣ ነሐሴ 20 ቀን 1971 ዓ.ም.

ለውድ እህቴ ለእልፍነሽ፣

የጌታችን ሰላም በአንቺና በቤትሽ ይደር። የእናቴን፣ ያንቺም አሳዳጊ የሆነችውን የወይዘሮ እቴናትን ጉልበት በሩቁ ስሜአለሁ፤ ይህን ስታነቢላት ቀስ በይ፣ አንቺ ስታነቢ ትቸኩያለሽ። ለአቶ ሣህሉና ለማኅበሩ ሁሉ ሰላምታዬ ይድረስልኝ። እኔ በቸርነቱ ደህና ነኝ። የሮም ሰው በነሐሴ ሙቀት ሲያማርር ስሰማ ከአሰብ መምጣቴን አልነግረውም፤ ዝም ብዬ እስቃለሁ።

ደብዳቤሽን መርከበኛው ፍቅሬ ኔፕልስ ወደብ ላይ አድርሶልኛል። ከመርከቡ ሞተር ክፍል ወጥቶ ዘይት በነካው እጁ ሲሰጠኝ፣ ከቃልሽ ሁሉ በፊት ጫፉ ላይ ያለችውን የእማዬን አውራ ጣት ፈለግኋት። አለች። ከጽሕፈት መኪናሽ ሪባን ላይ ጣቷን አሽታ የምታትማት ያቺ ጥቁር ምልክት ለእኔ ከጳጳስ ማኅተም ትበልጣለች። ፊደል ባትቆጥርም “እኔም ጽፌያለሁ” ማለቷ ነው። መቼም እንዳታስቀሪብኝ።

ቤተ ክርስቲያናችን የቀበሌ መሰብሰቢያ መሆኗን፣ ፈረንጁ አባም መባረራቸውን ጽፈሽልኛል። አለቀስኩ። ግን እልፍነሽ፣ እኔ እዚህ ውዬ የማድረው የመጀመሪያዎቹን ክርስቲያኖች ጽሑፍ ሳነብ ነው፤ ሐዋርያት ካረፉ በኋላ በነበሩት ሁለት መቶ ዓመታት የተጻፈውን። እነሱም ሕንጻ አልነበራቸውም። በሰው ቤት ነበር የሚሰበሰቡት። እሑድ መጻሕፍት ይነበባሉ፣ አለቃቸው ይመክራል፣ ቆመው ይጸልያሉ፣ የሰላም መሳሳም ይሳሳማሉ፣ ኅብስትና ውሃ የተቀላቀለበት ወይን ይቀርባል። ላልመጡት ዲያቆናቱ እቤታቸው ድረስ ይወስዱላቸዋል። ይህ እኮ የእኛው ቅዳሴ ነው! ረቡዕና ዓርብ መጾማችን፣ ስንወጣ ስንገባ ማማተባችን፣ ለሙታን መጸለያችን፣ ሁሉም እዚያ አለ። “ካቶሊክነት ጣልያን ያመጣብን ነው” ለሚሏችሁ ካድሬዎች መልሱ ይኸው።

ስለዚህ በየተራ ወደ አማርኛ እየመለስኩ እልክልሻለሁ፤ አንቺ በካርቦን አባዢው፣ እሑድ በአቶ ሣህሉ ቤት ይነበብ። በምላሹ አንድ ነገር እለምንሻለሁ። ስንት ሆናችሁ እንደምትሰበሰቡ፣ ምን እንደምትፈሩ፣ ማን እንደጸና ጻፊልኝ። የዶክትሬት ጽሑፌ ስለ ጥንቱ ስደት ነው፤ የእናንተ ኑሮ ሕያው ምስክር ይሆንልኛል። ለመምህሬ ብነግረው ዓይኑ በራ።

ወንድምሽ ዲያቆን ይልቃል


አሰብ፣ መስከረም 26 ቀን 1972 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ለዲያቆን ይልቃል፣

እንደምን ሰነበትክ? እመቤታችን በጥላዋ ትያዝህ፣ በሰው አገር የሰው ፍቅር ትስጥህ። እኛ ለእርሱ ምስጋና ይሁንና አለን፤ ሰፈራችን ካምፖ ሱዳን ላይ ከላብ በቀር የሚተርፍ ነገር ባይኖርም አለን።

ገጾችህ ደርሰዋል። ከሥራ ሰዓት በኋላ ወደብ ቢሮ ቀርቼ በአምስት ካርቦን መታኋቸው፤ አምስተኛው ኮፒ ከመደብዘዙ የተነሳ ጥላው ብቻ ነው የሚታየው። አሥራ አራት ነን። አቶ ሣህሉን መቼም አትረሳውም፣ ትምህርተ ክርስቶስ ሲያስተምረን ጆሯችንን እየቆነጠጠ ያሳደገንን። “ሃይማኖቴን አልተውም” ብሎ ከመጋዘን ኃላፊነት ወረደና አሁን ጆንያ ይቆጥራል። ፍንክች አላለም። ከአስመራ ይመጡ የነበሩት አባ የጉዞ ፈቃድ ተከልክለዋል፤ ለመጨረሻ ጊዜ ሲመጡ የተቀደሰውን ኅብስት በትንሽ የብር ሙዳይ ለአቶ ሣህሉ አደራ ሰጥተውት ሄዱ። ከእሱ በቀር የሚነካው የለም። እያብቃቃ ያቀብለናል።

ጽሑፍህ እሑድ ተነበበ። እነዚያ ሰዎች ዓርብ ይጾሙ እንደነበር ስንሰማ የመብራት ኃይሉ አሥራት “ታዲያ እነሱም እንደኛ ዓርብ የጎረቤት ዓሣ ይሸታቸው ነበር ማለት ነው” ብሎ አሳቀን። እትዬ ግን አልሳቀችም። ዲያቆናቱ ላልመጡት ኅብስቱን ይወስዱ ነበር የሚለው ላይ ስደርስ እጄን ያዘችና “ልጄ ዲያቆን አይደል? ከሮም ድረስ ይዞልኝ ይመጣል” አለች። ከዚያ የደበዘዘውን አምስተኛ ኮፒ ለምና ወሰደች፤ ትራሷ ሥር አድርጋ ትተኛበታለች። “እትዬ፣ ገልብጠሽ ነው እኮ የያዝሽው” ብላት “ቢገለበጥስ የልጄ አይደለም?” አለችኝ። ምን ትላታለህ!

የምንፈራውን ጠይቀሃል። የምንፈራው ያው እንደ ሁሉም ሰው በር ሲንኳኳ ነው። የመምህርህ ዓይን በመብራቱ ደስ ብሎኛል፤ እዚህ መብራት የሚመጣው በሳምንት ሦስት ቀን ነው።

እህትህ እልፍነሽ
(ይህች ከሥር ያለችው የእትዬ ናት፤ ዛሬ ሪባኑን አብዝታ ነክታው ጣቷ እስካሁን ጥቁር ነው።)


ሮም፣ ጥቅምት 25 ቀን 1972 ዓ.ም.

እህቴ እልፍነሽ፣

ሰላሙ ይብዛላችሁ። የእማዬን ጣት ሳምኳት። ስለ ትራሷ ያልሽውን ለጓደኞቼ ስነግራቸው ደግመህ ንገረን አሉኝ።

ዛሬ የምልከው ምዕራፍ ስለ ታላቁ ስደት ነው። ቄሣሩ በግዛቱ ያለ ሰው ሁሉ ለጣዖት ዕጣን እንዲያጥን አዘዘ፤ ያጠነ ሰው ማረጋገጫ ወረቀት ይሰጠዋል። ወረቀቱ ያልተገኘበት ይታሰራል፣ ንብረቱ ይወረሳል፣ ይሞታል። አንዳንዱ እየሮጠ ሄዶ አጠነ። አንዳንዱ ደግሞ ሳያጥን በዘመድ በወዳጅ ወረቀቱን ብቻ አስጻፈ። ጥቂቶች ግን ጸኑ፣ ደማቸውም የቤተ ክርስቲያን መሠረት ሆነ።

ይህን ስተረጉም ፊታችሁ እየታየኝ ነው። እንዲህ ያለ ቀን ቢመጣባችሁ ከአሥራ አራታችሁ ስንቱ ይቆም ይሆን? አቶ ሣህሉን አልጠራጠርም። ሌሎቻችሁን ግን በጸሎት እያሰብኩ ነው።

ይልቃል


አሰብ፣ ኅዳር 30 ቀን 1972 ዓ.ም.

ይልቃል፣

ሰላም ለአንተ ይሁን። ሌላውን ምርቃት ይቅር በለኝ፤ መጀመሪያ ልናገር።

አንተ ሰውዬ፣ አፍህ ምን ነካው? ምዕራፍህ ገና ሳይደርሰን ወረቀቱ ራሱ መጣ። ፎርሙን ማን እንደመታው ታውቃለህ? እኔ። ከወደብ ቢሮ ለቀበሌው በትውስት ተሰጥቼ ሁለት መቶ ኮፒ አወጣሁ። “ስሜ ከዚህ በታች የተጻፈው የውጭ አገር ሃይማኖት ተከታይ አይደለሁም፤ ስለ ስብሰባውም ሆነ ስለ ጽሑፉ የማውቀው የለም።” ከግርጌው ለፊርማ መስመር አለው፤ ፊደል ላልቆጠረ ደግሞ ለአውራ ጣት የምትሆን ሳጥን። ሳጥኗን በሰረዝ እየለካሁ የሠራኋት እኔ ነኝ። ቀጥ ብላ ስትወጣልኝ ደስ ብሎኝም ነበር። ወይ እኔ!

ከዚያ ቤት ለቤት ዞሩ። ከአሥራ አራታችን ስድስቱ ፈረሙ። አሥራትም ፈረመ፤ ሦስት ልጆች አሉት። አቶ ሣህሉ አልፈረመም፣ አሥራ ስድስት ቀን ታስሮ ወጥቷል፣ የግራ ጆሮው አይሰማም። እኔ ሳልጠየቅ አለፍኩ፤ ለምን እንደሆነ ዛሬ አልጽፍም።

አንድ ነገር ልጠይቅህ። ከፈረሙት መካከል አንዲት አሮጊት አለች። ስሟ ይቅር። ለራሷ ፈርታ አይደለም፤ ሌላ ሰው ሊወሰድ ሆኖ እሱን ለማዳን ነው ጣቷን ያኖረችው። እንዲህ ያለችውን የጥንቶቹ ምን ያደርጓት ነበር? አቶ ሣህሉ ካንተ ሳይሰማ መወሰን አልፈለገም። እባክህ ቶሎ ጻፍ፤ ለስላሳውን ጻፍ።

እትዬ ደህና ናት። አውራ ጣቷን አሟታል፤ ለዛሬ አላተመችም።

እልፍነሽ


ሮም፣ ታኅሣሥ 25 ቀን 1972 ዓ.ም.

ለእህቴ ለእልፍነሽ፣

የሰማዕታት አምላክ ያጽናሽ። ለአቶ ሣህሉ ለብቻው ጽፌ ከዚህ ጋር አያይዤአለሁ፤ እጁን እስማለሁ በይልኝ።

“ለስላሳውን ጻፍ” ያልሽውን ሳነብ አዘንኩብሽ። የምጽፈው የተጻፈውን ነው። በዚያ ዘመን ወረቀቱን የወሰደ ሁሉ እንደ ወደቀ ተቆጥሯል፤ ዕጣን ባያጥንም፣ ልቡ ባይስማማም፣ በወረቀት ላይ ክዷል። የወደቁት ከማኅበሩ ጋር አይገቡም ነበር። ከበር ውጭ ቆመው የሚገቡትን “ጸልዩልን” እያሉ ያለቅሳሉ። ኅብስቱ አይሰጣቸውም። ይህም ለሳምንት ለሁለት ሳምንት ሳይሆን ለዓመታት ነበር። ሌላ ሰው ለማዳን ነው የሚለው ምክንያት ያኔም ነበር፤ ሚስቱን፣ ልጆቹን፣ ባሪያዎቹን ለማዳን ያለ ሁሉ ነበር። አልተቀበሉትም። ዕድሜዋም አያድናትም፤ ከእሷ የሚያረጁ ሴቶች ለአውሬ ተሰጥተዋል።

ለአሮጊቷ አትዘኚላት ማለቴ አይደለም፤ እዘኚላት፣ በሩን ግን እንዳትከፍቱ። ዛሬ ለአንዲት አሮጊት ከተከፈተ በሚቀጥለው ወር የሚፈርመው ይበዛል። ለአቶ ሣህሉም የመከርኩት ይህንኑ ነው።

አሁን ለጥናቴ የሚያስፈልገኝን ልንገርሽ። ስድስቱ በር ላይ ሲቆሙ በዝርዝር ጻፊልኝ፤ የት ይቆማሉ፣ ምን ይላሉ፣ ያለቅሳሉ ወይ፣ የሚገባው ሰውስ ምን ይመልስላቸዋል? በተለይ የአሮጊቷን። ከሺህ ሰባት መቶ ዓመት በኋላ ይህን በዓይኑ ያየ ሰው ያለኝ እኔ ብቻ ነኝ።

የእማዬን ጣት በሎሚና በጨው እሽላት። ያለ እሷ ደብዳቤሽ ጎዶሎ ነው።

ይልቃል


አሰብ፣ የካቲት 3 ቀን 1972 ዓ.ም.
(መትቼ ያልላክሁት)

ይልቃል፣

ሰላምታ የለኝም። አሮጊቷ እናትህ ናት።

ይኸው፣ ጻፍኩት። ኅዳር 12 ቀን ሦስት ሆነው መጥተው ቤቱን በረበሩት። እኔ ሥራ ላይ ነበርኩ። ያየችው ጎረቤታችን ዘሃራ ናት፣ ከበይሉል ዓሣ እያስመጣች የምትሸጠው የአፋር ሴት፤ በራፉ ላይ ተቀምጣ ሁሉን ሰማች። ከትራሷ ሥር ያ አምስተኛ ኮፒ ወጣ። የአንተ ገጽ። “ማን ነው የመታው?” አሏት። “ከወደብ ቆሻሻ ያነሳሁት ነው” አለች። “አሰብ ላይ አማርኛ የሚመታ ሰው ስንት ነው? አንዷ ከአንቺ ጋር አይደል የምትኖረው? ወይ እሷን እንወስዳለን፣ ወይ አንቺ እዚህ ላይ ጣትሽን ታኖሪና ወረቀቱን እንረሳዋለን።” ዘሃራ እንዳለችኝ አላሰበችም። እጇን በነጠላዋ ጠርጋ “የቱ ጋ ነው?” ብቻ አለች። እኔ በሰረዝ በሠራኋት ሳጥን ውስጥ አተመችው።

ከዚያ ቀን ወዲህ ያቺን ጣት ወረቀት አታስነካም። “ለልጄ በዚህ ጣት አልጽፍለትም” አለች።

የታኅሣሡን ደብዳቤህን ዘልዬ ላነብላት ሞክሬ ነበር። አቶ ሣህሉ ግን እሑድ በማኅበሩ ፊት ያንተን ምክር ሙሉውን አነበበ። ስታዳምጥ አየኋት። እኔ አንገቴን ስደፋ የእሷ ፊት በራ። “እንዲህ ያለ ነገር የሚያውቅ ልጅ ወለድኩ” አለች። ተነሳች፣ ነጠላዋን አጣፋች፣ ማንም ሳይነግራት ወጥታ በር ላይ ቆመች። አቶ ሣህሉ የማን እናት እንደሆነች አጥቶት ነው? ያውቃል። “ልጁ ራሱ የፈረደውን እኔ ምን ብዬ እሽራለሁ?” ይላል። ማን እንደሆነች ሳታውቅ እንደፈረድክ፣ እንዳልነገርንህ ብነግረው “ፍርድ ሰው አይለይም” አለኝ።

ልጽፍልህ ስነሳ እትዬ በአባቴ አጥንት አስማለችኝ። “ካወቀ ትምህርቱን ጥሎ ይመጣል፤ ቅስናው ይቀርበታል። የካደች ሴት ልጅ ይሉታል” አለች። አንተ እንደሆነ አትመጣም። ይህን ግን እሷ አታውቅም።

ይህን ልላከው? ፍቅሬ ነገ ይሄዳል።


አሰብ፣ የካቲት 3 ቀን 1972 ዓ.ም.

ለዲያቆን ይልቃል፣

እግዚአብሔር በጤናና በዕውቀት ያኑርህ። የጠየቅኸው ዝርዝር እነሆ።

ከፈረሙት ስድስት ሰዎች አምስቱ አንድ እሑድ ቆመው ቀሩ፤ አሥራትም ቀረ፣ አሁን መንገድ ላይ ሲያየኝ ይሻገራል። የምትቆመው አሮጊቷ ብቻ ናት። የምትቆመው ከበሩ በስተቀኝ፣ ግድግዳው ጥላ በማይጥልበት በኩል ነው፤ በግራ በኩል ጥላ አለ፣ እኔ “ወደዚያ ዙሪ” ብላት “እነዚያ በጥላ ቆሙ ይላል?” አለችኝ። ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ፀሐይዋ አሸዋውን አግላው በነጠላ ጫማ እንኳ አያስቆምም። ከአንድ ሰዓት በላይ ትቆማለች። አታለቅስም። ይህን ለጥናትህ ጻፈው፣ አታለቅስም። የሚገቡትን አንድ በአንድ “ለልጄ ጸልዩልኝ” ትላለች። ለራሷ አትልም። የሚገባው ሰው ዓይኑን መሬት ላይ ጥሎ ያልፋል። እኔም አልፋለሁ።

ኅብስቱ ሲቀርብ የሰላም መሳሳሙን በመስኮት በኩል ለማየት ትንጠራራለች። አንድ ቀን እጇን በመስኮቱ ብረት አሾልካ ዘረጋች። የጨበጣት የለም።

ውሃ የምትሰጣት የአፋር ጎረቤት አለች፣ እስላም ናት። ኩባያውን ስትሰጣት “ያንቺ ሰዎች ምን ሆነው ነው ከውጭ ያቆሙሽ?” ትላታለች። አሮጊቷ ትስቅና “ሕግ ነው” ትላታለች። “የማን ሕግ?” ስትላት ግን ኩባያውን መልሳ ትሰጣታለች።

ያ ሁሉ መጽሐፍ አንድ የምሕረት ገጽ ከሌለው የምን መጽሐፍ ነው? ካለው እባክህ ላክልን። ለማታውቃት ሴት ብለህ ላክ።

እልፍነሽ


ሮም፣ የካቲት 28 ቀን 1972 ዓ.ም.

ውድ እህቴ፣

በጾሙ ብርታት ይስጥሽ። እንዴት ያለ ደብዳቤ ጻፍሽልኝ! ወደ ጣልያንኛ መልሼ በጉባኤያችን ፊት አነበብኩት። “ለልጄ ጸልዩልኝ” የሚለው ላይ ስደርስ አንዲት መነኩሲት አለቀሰች። መምህሬ “ይህ ምዕራፍ ብቻውን መጽሐፍ ይሆናል” አለኝ። ስለ ጥላው ያልሽው፣ ስለ መስኮቱ ያልሽው፣ ማንም ፈልስፎ የማይጽፈው ነው።

ምሕረትን ጠይቀሻል። አለ። ያኔም ብዙ ተከራክረው የወሰኑት፣ የወደቀ ሰው ንስሐ እየገባ ሳለ ሊሞት ከቀረበ ኅብስቱ እንዳይከለከል ነው። የሰነበተ ንስሐ የገባም በጊዜው ይመለሳል። ምዕራፉ ረጅም ነው፣ ተርጉሜ ጨርሼዋለሁ፣ ጠረጴዛዬ ላይ አለ። ግን አሁን አልልከውም፤ ይህንንም አንቀጽ ለአቶ ሣህሉ አታንብቢለት። ምሕረቱ ቀድሞ ከተሰማ ፍርሃቱ ይጠፋል። ከፋሲካ በኋላ እልከዋለሁ። እስከዚያ ትቁም። ለነፍሷም ይበጃታል፣ ለማኅበሩም ትምህርት ነው።

የእማዬ ጣት በሁለት ደብዳቤ ቀረች። ተቀይማኛለች እንዴ? ምን አጠፋሁ? እውነቱን ንገሪኝ።

ይልቃል


አሰብ፣ መጋቢት 24 ቀን 1972 ዓ.ም.

ይልቃል፣

ምዕራፉን አሁን ላክ። ሴትዮዋ ባለፈው እሑድ ከቆመችበት ወደቀች። ሐኪሙ ልቧ ነው ይላል፣ ብዙ አይሰጣትም። ያንተን ደብዳቤ ለአቶ ሣህሉ አሳየሁት፤ አትንገሪው ብትለኝም አሳየሁት። “ሊሞት ከቀረበ ይላል፣ ግን እስከዚያ ትቁምም ይላል። የቱን ልያዝ? ምዕራፉ ራሱ ይምጣ” አለኝ። ሙዳዩን ይዞ ተቀምጧል።

ፍቅሬ ኔፕልስ እንደደረሰ ይህን ይሰጥሃል። መርከቡ እስኪመለስ አትጠብቅ። በወደብ ቢሮ አድራሻ ቴሌግራም አድርግ። አንድ ቃል ይበቃል፤ “ይሰጣት” በል። ካድሬ ቢያየውም ምንም አይገባውም።

ለምኜህ አላውቅም። አሁን እየለመንኩህ ነው።

እልፍነሽ


ሮም፣ ሚያዝያ 8 ቀን 1972 ዓ.ም.

ለእህቴ ለእልፍነሽ፣

ክርስቶስ ተነሥቷል! ደስታው እናንተም ዘንድ ይግባ።

ቃሌን ጠብቄ የምሕረቱን ምዕራፍ ይኸው ልኬአለሁ፣ አሥራ አንድ ገጽ ነው፤ ፍቅሬ ዛሬ ይዞት ይነሳል። ቴሌግራም ግን አላደረግሁም። ፖስታ ቤት ደጃፍ ድረስ ሄጄ ነበር፤ እውነቱን ልንገርሽ። ከዚያ ቆም ብዬ አሰብኩ፣ ቤተ ክርስቲያን በቴሌግራም አትፈርድም። ነገሩ በሥርዓት ይነበብ፣ ማኅበሩ ይስማ፣ ሴትዮዋም ለምን እንደ ተመለሰች ትወቅ። ጥቂት ቀን ምንም አያደርጋትም፤ አሮጊቶች እንደምናስበው ቶሎ አይሄዱም። ስትመለስ ምን እንዳለች ጻፊልኝ፣ የምዕራፌ መዝጊያ አደርገዋለሁ።

አሁን የእኔን የምሥራች ስሚ። የቅዱስ ጴጥሮስና ጳውሎስ ዕለት፣ ሰኔ 22 ቀን ቅስና እቀበላለሁ። እማዬ መምጣት አትችልም። ስለዚህ በአንድ ነጭ ወረቀት ላይ፣ ሌላ ምንም ሳይጻፍበት፣ አውራ ጣቷን አትማ ትላክልኝ። መሠዊያው ፊት በግንባሬ ስደፋ በደረት ኪሴ ትሆናለች። ተቀይማኝ ከሆነም ለዚህ ስትል ትተውልኝ።

የእናንተው ይልቃል


አሰብ፣ ግንቦት 10 ቀን 1972 ዓ.ም.

ለዲያቆን ይልቃል፣

ያጽናህ። ከዚህ ሌላ ምርቃት የለኝም።

እትዬ እቴናት ሚያዝያ 11 ቀን፣ ቅዳሜ፣ ስድስት ሰዓት ላይ አረፈች። ምዕራፍህ ሚያዝያ 29 ቀን ደረሰ። አሮጊቷ እሷ ነበረች። ለብዙ ወር ደጋግመህ የጻፍክላት፣ በጉባኤ ያነበብካት፣ መነኩሲቷን ያስለቀስክባት ሴት እናትህ ነበረች። የተያዘባት ወረቀት ያንተ ገጽ ነው፣ ከትራሷ ሥር የወጣው። ያዳነችው ሰው እኔ ነኝ።

ሦስት ቀን ሙሉ በር በተከፈተ ቁጥር “መጣ?” ትል ነበር። ገጹን ነው የምትለው። ዘሃራ አንተን መስሏት “መንገድ ላይ ነው” አለቻት፤ ደስ አላት። አቶ ሣህሉ ሙዳዩን በሁለት እጁ ይዞ በራፋችን ላይ ተቀምጦ ዋለ። አልገባም። “ቃሉ ካልመጣ አልገባም” ሲል፣ ከሚሰማው ጆሮው በኩል ሄጄ ጮኬበታለሁ፣ ሰድቤዋለሁ፣ እግሩ ላይ ወድቄአለሁ። እሷ ከአልጋዋ ሰምታ “ተዪው፣ ልጄ ያለውን ነው የሚጠብቀው” አለችኝ። ያለ ኅብስት ሄደች። በሩና አልጋዋ መካከል ስድስት እርምጃ ነው፤ ቆጥሬዋለሁ።

አሥራ አንዱን ገጽ ባለፈው እሑድ አነበብኩት። ቆንጆ ነው፣ ይልቃል። ሊሞት የቀረበን አትከልክሉ የሚለው ሁለተኛው ገጽ ላይ ነው፣ አራተኛው መስመር። አቶ ሣህሉ እስከ መጨረሻው አልሰማም። ሙዳዩን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ወጣ፣ እሷ ትቆምበት የነበረው ቦታ ላይ ቆመ። ዛሬም እዚያው ነው የሚቆመው። ግባ የሚለው የለም፣ እኔም አላልኩትም።

አሁን የራሴን ልናገር። እትዬ አስምላኝ ነበር፤ እውነት ነው። ግን ለመሐላው ብቻ ብዬ አይደለም ዝም ያልኩት። የካቲት ላይ እውነቱን ጽፌልህ ነበር፤ ወረቀቱ አሁንም መሳቢያዬ ውስጥ አለ። “እናትህ ናት” የሚል አንድ መስመር ቢደርስህ ቴሌግራሙ በማግስቱ ይመጣ እንደነበር አውቅ ነበር፣ እንደ ፀሐይ አውቅ ነበር። አልላክሁትም። ለማታውቃት ሴት ስንት ትራራለህ የሚለውን ማየት ፈለግሁ። አየሁ። በእሷ ዕድሜ ፈተንኩህ፣ እኔም ከአንተ አልሻልም። ይህንንም ጽሑፍህ ውስጥ አስገባው።

በነጭ ወረቀት ላይ የእናትህን ጣት ጠይቀሃል። ነጭ ወረቀት ላይ የለችም። ከመስከረም ወዲህ ጣቷ የነካችው አንድ ወረቀት ብቻ ነው፤ ትናንት ከቀበሌው ፋይል አውጥቼ በልብሴ ውስጥ ይዤው ወጣሁ። ከዚህ ጋር አለ። ፎርሙን የመታሁት እኔ ነኝ፣ ሳጥኗንም የሠራኋት እኔ ነኝ፤ ጣቷ ግን የእሷ ናት፣ ደህና ወጥታለች፣ መስመሮቿ ሁሉ ይታያሉ። ሰኔ 22 ቀን በደረት ኪስህ ያዛት።

እልፍነሽ